ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ለተጠራችሁ፣ ከደሴ

ሰላም ወገኖች። ይህን የምጽፈው ደሴ፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ክረምቱ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም፣ መብራትም የለም። አጎቴ በስልኩ ብርሃን 128 ጥያቄ እየሸመደደ ነው። ሁለታችንም ከአሜሪካ የመጣነው ለኒካህ ነበር። ኒካሁ ባለፈ በሦስተኛው ቀን የአጎቴ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ኦንላይን አካውንቱ ላይ ወጣ። ትኬት ተቀየረ፣ ቤቱ ተተራመሰ። እኔ አምና ስላለፍኩ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ። ከእናንተም ቀጠሮ የወጣላችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ አንዴ ልጻፈውና እንገላገል።

«ፈተና» ሲባል ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ ተቀምጠን የወሰድነው ማትሪክ ነው የሚመስለን። አይደለም። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» የለም። አንድ ኦፊሰር ፊት ተቀምጣችሁ ታወራላችሁ፣ በቃ። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄው ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። የእኛን ሰው ላብ በላብ የሚያደርገው ኤን 400 የሚባለው ማመልከቻ ነው። ሞልተን ልከን የረሳነው ያ ቅጽ እዚያ ቀን እንደገና ይነበብልናል።

ጥያቄዎቹን ቶሎ ልጨርሳቸው። ማመልከቻውን ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 በፊት ያስገባችሁ በድሮው ነው የምትፈተኑት። ከ100 ጥያቄ እስከ 10 ትጠየቃላችሁ፣ 6 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ (በእኛ ጥቅምት 10 ቀን 2018 መሆኑ ነው) ያስገባችሁ ከ128 እስከ 20 ትጠየቃላችሁ። 12 ስትመልሱ አለፋችሁ፣ እዚያው ይቆማል። 9 ስትሳሳቱም ወደቃችሁ፣ እዚያው ይቆማል። ጥያቄው ሁሉ ከነመልሱ በነፃ ይገኛል፤ ለእሱ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሽሹት። የሚለዋወጡ መልሶች አሉ። የፕሬዚዳንቱን፣ የአፈ ጉባኤውን፣ የስቴታችሁን ገዥና ሴናተሮች ስም ሲጠይቁ በቀጠሮው ቀን ወንበሩ ላይ ያለውን ነው የሚፈልጉት። ዲሲ የምትኖሩ ሴናተር ስለሌላችሁ «የለንም» ማለት ራሱ መልስ ነው። የሜሪላንድ ጓደኛችሁን ወረቀት ሸምድዳችሁ እንዳትገቡ።

እንግሊዝኛውም አያስፈራም። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል ታነባላችሁ፣ ከሦስት አንዱን ደግሞ ትጽፋላችሁ። የመናገር ችሎታችሁን ግን ለብቻ አይፈትኗችሁም፤ ወሬው ራሱ ፈተና ነው። ኦፊሰሩ ከመጠበቂያው ጠርቷችሁ ኮሪደሩን ስታቋርጡ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ሊላችሁ ይችላል። አንገት ደፍታችሁ በፈገግታ ብቻ እንዳታልፉት። እኛ ዝምታን ጨዋነት እናደርገዋለን፣ እሱ ግን አልሰማችኝም ብሎ ያስባል።

ቢሮ ስትገቡ ቀኝ እጅ ተነስቶ ይማላል። ከዚያ ቅጹ ይጀመራል።

የራሴን ልንገራችሁ። ኦፊሰሯ ፈጣን ናት። «ሃቭ ዩ ኤቨር» (እንዲህ አድርገሽ ታውቂያለሽ) እያለች ትወርዳለች፣ እኔም «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» እያልኩ እከተላለሁ። ተስቢህ የምቆጥር ነው የሚመስለው። መሀል ላይ «አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ ብለሽ ታውቂያለሽ?» አለች። እኔ የሰማሁት «ሲቲዝን» የምትለዋን ብቻ ነው። «የስ!» አልኩ፣ ያውም ፈገግ ብዬ። እሷ ፈገግ አላለችም። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። «መቼ?» አለችኝ።

የዚያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ የሆነውን አልነግራችሁም። ደግነቱ «ካልገባሽ አልገባኝም በይ» ብለው የመከሩኝ ትዝ አለኝ። «ይቅርታ፣ ጥያቄው አልገባኝም፣ በሌላ ቃል ይንገሩኝ» አልኳት። ቀለል አድርጋ ደገመችልኝ፣ መልሴን አረምኩ። «‹ክሌም› ማለት ምን ማለት ነው? በራስሽ ቃል ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት፣ ቀጠልን። ሸሚዜ ግን ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ወይም ድምፅ መስጠት ከአገር እስከ መባረር የሚያደርስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የቅጹን ቃላት ከነትርጉማቸው አጥኑ። 128ቱን በቃሉ የሚወጣ፣ «ኦዝ» (መሐላ) ምንድን ነው ሲሉት የሚደናገር ሰው አውቃለሁ።

አጎቴ ጋ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። 61 ዓመቱ ነው፣ በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ቅጹ ወታደር፣ ሚሊሺያ፣ ፖሊስ፣ የእስር ቤት ጠባቂ ነበርክ ወይ ይላል። «እኔ እኮ ተገድጄ ነው የሄድኩት፣ እሱም ይቆጠራል?» አለኝ። ይቆጠራል። ወደህ ነው ተገደህ የሚለው እዚያ ማብራሪያው ላይ ነው የሚገባው። ማገልገሉ ብቻውን ዜግነት አይከለክልም፣ መደበቁ ግን ያስከለክላል። የኮሚኒስት ፓርቲ አባልነትም ይጠየቃል፤ የደርግ ጊዜው ፓርቲ የኢሠፓ አባል የነበራችሁ አስቡበት። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ትዳር ነበረህ ወይ የሚለውም አለ። በእኛ አገር ይህ ለማን እንደሚከብድ እናውቃለን። ግሪን ካርድ ስትወስዱ ከሞላችሁት ጋር የሚጋጭ ነገር ካለ ከቀጠሮው በፊት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። የሰፈር አዋቂ ጋ አይደለም። እኔም የሰፈር አዋቂ ነኝ።

ቀን ደግሞ አለ። የጋብቻ ወረቀታችን በእኛ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ነው። አጎቴ የሠርጉን ቀን በአንድ ዓመት አሳስቶ ነው የሞላው፣ ትናንት ነው ያየነው። ችግር የለውም፣ መጀመሪያ ላይ «ይህን ላርም» ይላል። ከአገር የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ቀን ሁሉ ከፓስፖርቱ ማኅተም ቆጥራችሁ ጻፉ። አሮጌውንም ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። «ክረምቱን ደሴ ላሳልፍ» ብላችሁ ከስድስት ወር በላይ የቆያችሁ ማብራሪያ ይጠብቃችኋል፤ እዚያ ኑሮ እንዳላችሁ የሚያሳይ የታክስና የቤት ኪራይ ወረቀት አዘጋጁ።

አጎቴ ግሪን ካርድ ከያዘ 17 ዓመቱ ነው። ስታመለክቱ ዕድሜያችሁ 55 ሆኖ 15 ዓመት፣ ወይም 50 ሆኖ 20 ዓመት በግሪን ካርድ ከኖራችሁ እንግሊዝኛው ይቀርላችኋል። አስተርጓሚ ይዛችሁ በአማርኛ ትፈተናላችሁ። 65 ሞልቷችሁ 20 ዓመት የኖራችሁ ደግሞ የምታጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው። አስተርጓሚ ስትመርጡ ግን እንግሊዝኛ ቻለ ብቻ ብላችሁ አትያዙ። ከኮምቦልቻ የመጣ የአክስቴ ልጅ ትናንት አስተርጓሚ ሆኖ ሲያለማምደው «ሱፕሪም ሎው ኦፍ ዘ ላንድ» የሚለውን «የመሬት የበላይ ሕግ» ብሎ ተረጎመለት። አጎቴም ተመቻችቶ ስለ መሬት ደብተርና ስለ ካሳ ማስረዳት ጀመረ። «ላንድ» እዚህ ላይ አገር ማለት ነው፣ ሕገ መንግሥት ነው እኮ መልሱ! እማ ሲኒ እያጠበች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ከወደቃችሁ አብሽሩ። የወደቃችሁበትን ክፍል ብቻ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ በድጋሚ ይፈትኗችኋል። ካለፋችሁም ገና ዜጋ አልሆናችሁም፣ መሐላው ይቀራል። በመሐላው ቀን ግሪን ካርዱን ትመልሳላችሁ። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ከአገር ወጥታችኋል ወይ ብለውም ይጠይቃሉ።

ካናዳ ያላችሁ ይህን ሁሉ እርሱት። የእናንተ 20 ጥያቄ ነው፣ 15 ማግኘት ነው፣ የሚመለከተውም ከ18 እስከ 54 ዓመት ያሉትን ነው።

አንድ የከበደኝ ነገር ነበር። ስመጣ እማ ሰማያዊውን ፓስፖርት አገላብጣ «ታዲያ አንቺ አሁን ኢትዮጵያዊት አይደለሽም?» አለችኝ። በሕጉ አይደለሁም። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ይላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን፣ አሳየኋት። ያለ ቪዛ እገባለሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እሠራለሁ፣ መምረጥና መመረጥ ግን አልችልም አልኳት። ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። «የክትባት ካርድ ነው የሚመስለው» ብላ መለሰችልኝና ቡናውን ልትቆላ ሄደች።

አጎቴ ነገ ጠዋት ከኮምቦልቻ ነው የሚበረው። አሁን ቶና ላይ ነን። የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች ስንት ናቸው አልኩት። ጣሪያውን ያያል፣ ጣቱን ይቆጥራል። ከደሴ ወጥታ አዲስ አበባን እንኳን ሁለቴ ብቻ ያየችው እናቴ ከጀበናው ቀና ሳትል «ሃያ ሰባት!» አለች።