የሶዲየሙ ናሙናዬ ለምን ፖታሲየም ይመስላል?

ብሩክ_22፦
ሰላም ናችሁ? የማስተርስ ሥራዬ በሰው ቴሎሜር (የክሮሞሶም ጫፍ) ዲኤንኤ ላይ ነው። ያ ቲቲኤጂጂጂ፣ ቲቲኤጂጂጂ እያለ የሚሄደው፣ ጓኒን (ጂ የሚባለው ፊደል) የበዛበት። የገዛሁት ኦሊጎ (አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) 22 ፊደል ነው። በራሱ ላይ ታጥፎ ባለ አራት ፈትል ቅርጽ ይሠራል፤ ጂ-ኳድሩፕሌክስ የሚባለውን።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዱን በሶዲየም፣ አንዱን በፖታሲየም አዘጋጅቼ የቱ ቶሎ እንደሚፈታ ማየት። ሁሉም ፖታሲየም ያጠነክረዋል ይላል። እኔን ግን ሁለት ጉድ ገጠመኝ።

በ260 ናኖሜትር አብዞርባንሱን (የሚውጠውን ብርሃን) እያየሁ ከ20 እስከ 95 ዲግሪ ሳሞቀው መስመሩ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ድርብ ፈትል ሲፈታ እንደሚያደርገው ሽቅብ አይወጣም። ሌላው ደግሞ በሲዲ ማሽን (የዲኤንኤውን አጣጣፍ በብርሃን በሚያሳየው) ነው። የሶዲየሙ 265 ናኖሜትር አካባቢ ሸለቆ ሊኖረው ይገባ ነበር። የእኔ ሸለቆ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ከፖታሲየሙ ጋር ወንድማማች ይመስላሉ።

አድቫይዘሬ «ድገመው» ብሎኝ ሄደ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ኦሊጎው ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ለማዘዝ በጀት የለኝም።

እትዬ_ኩቬት፦
ብሩክዬ፣ ኦሊጎህን እንዳትጥለው።

መጀመሪያ 260ን ተወው። እሱ ለድርብ ፈትል ነው። ባለ አራቱን በ295 ናኖሜትር ነው የምታየው። ሜርኒ፣ ፋን እና ላክሯ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነው። ነገሩ ደግሞ ግልባጭ ነው፤ ሲፈታ አብዞርባንሱ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ለውጡ ትንሽ ስለሆነ በባዶ ባፈር (ፒኤቹን በሚጠብቀው የጨው ፈሳሽ ብቻ፣ ዲኤንኤ ሳይኖርበት) ማነጻጸር አትርሳ። አረፋም ይጠላል። እኔ በጀማሪነቴ መስመሩ ቁልቁል ሲሄድብኝ ማሽኑ ተበላሸ ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ መብራቱን ስጠረጥር ከርሜያለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። የሶዲየም ባፈርህን ራስህ ነህ የሠራኸው ወይስ ከመደርደሪያ ያነሳኸው? ፒኤቹንስ በምን አስተካከልከው?

ብሩክ_22፦
እትዬ፣ ከመደርደሪያ ያነሳሁት ፒቢኤስ ነው፤ የተለመደው የፎስፌት ባፈር። ሁሉም ሰው የሚጠቀመው። ጠርሙሱ ላይ ሶዲየም ክሎራይድ 137 ሚሊሞላር ይላል።

እትዬ_ኩቬት፦
ጠረጠርኩ! እስቲ ሁለተኛውን መስመር አንብብልኝ። ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.7። ዝቅ ስትል ፖታሲየም ፎስፌት፣ 1.8። 4.5 ሚሊሞላር ፖታሲየም በሶዲየም ስም ገብቶልሃል።

ከሠላሳ እጥፍ በላይ ሶዲየም እያለ ይቺ ምን ታደርጋለች ትል ይሆናል። ብዙ ታደርጋለች። አራት ጓኒኖች በሃይድሮጅን ቦንድ ተያይዘው አንድ ጠፍጣፋ ንብርብር ይሠራሉ። ያንተ ኦሊጎ እንዲህ ያለ ሦስት ንብርብር አለው። የእያንዳንዱ ጓኒን አንድ ኦክስጅን ወደ መሃል ያያል። በሁለት ንብርብር መካከል ስምንት ኦክስጅን ተፋጠጠ ማለት ነው። ሁሉም ኔጌቲቭ ያዘነብላሉ፣ ይገፋፋሉ። አስታራቂ ሽማግሌ ካልገባ ቤቱ ይፈርሳል። ፖታሲየም መጠኑ ልክ ነው፤ በሁለቱ ንብርብር መሃል ቁጭ ብሎ ስምንቱንም ይይዛል። ሶዲየም ትንሽ ስለሆነ ንብርብሩ ውስጥ ራሱ ሊገባ ይችላል። ግን ሶዲየም የውሃ ካባውን ለማውለቅ ብዙ ጉልበት ያስወጣዋል፤ ፖታሲየምን ያን ያህል አያስቸግረውም። ጥቂት ፖታሲየም ብዙ ሶዲየምን የሚያሸንፍበት አብላጫው ምክንያት ይኸው ነው። ሊቲየምማ ተጠርቶም የማይመጣ ሽማግሌ ነው።

ስለዚህ ባፈሩን ራስህ ሥራው። ሶዲየም ፎስፌትና ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ። ፒኤቹን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ እንዳትነካው፤ የብዙ ሰው ሥራ እዚያ ላይ ነው የሚበላሸው። 95 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ አቆየውና ማሞቂያውን አጥፍተህ እዚያው ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ ይደር። በረዶ ላይ እንዳትወረውረው።

ባዶ_ሰርጥ፦
እኔ ላብ አልገባም፣ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ነው የምሠራው። ግን የእትዬን ሽማግሌ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዋንግ እና ፓቴል በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሶዲየም መዋቅር፣ 143ዲ የሚባለው ፋይል፣ ያንተው ኦሊጎ ነው። በኤንኤምአር (አተሞችን በማግኔት በሚያይ ዘዴ) የተሠራ ስለሆነ መሃሉ ላይ አዮን፣ ማለትም ሽማግሌው፣ አልተጻፈበትም። እኔ ሳላስተውል እንዳለ አስጀመርኩት። ጓኒኖቹ ወዲያው እየተጣመሙ፣ ቦንዱ እየላላ ሄደ። «የኃይል ስሌቱ ነው ችግሩ» ብዬ ሰፈሩን በጠበጥኩት። ለካ አዮኖቹ የሚቀመጡበት የመሃሉ ሰርጥ ባዶ ነበር። በሦስቱ ንብርብር መካከል ሁለት አዮን በእጄ አስቀምጬ ስጀምር ረጋ።

ደግሞ ብሩክ፣ እነዚያው 22 ፊደላት በ2002 እ.ኤ.አ. በፖታሲየም ክሪስታል ውስጥ ሲታዩ አራቱም ፈትል ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። በፖታሲየም ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን ሦስቱ ወደ አንድ፣ አንዱ ወደ ሌላ። በሶዲየም ሁለት በሁለት። ስለዚህ ሲዲ ላይ የሚታየው የጥንካሬ ልዩነት ሳይሆን የቅርጽ ልዩነት ነው። ሁለቱን አታምታታቸው።

ብሩክ_22፦
ተመልሻለሁ! ባፈሩን ራሴ ሠራሁት፣ ሌሊቱን አሳደርኩት። ሸለቆው 265 ላይ ቁጭ ብሏል። በ295ም መስመሩ እትዬ እንዳሉት ቁልቁል ወረደ። ሶዲየሙ 57 ዲግሪ ላይ፣ ፖታሲየሙ 65 ላይ ተፈታ። መጀመሪያ በደቂቃ 2 ዲግሪ ሳሞቅ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ያለው መስመር አልገጠመልኝም ነበር። ወደ 0.2 ሳወርደው ተገጣጠሙ። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ሥር ተቀመጥኩ እንጂ።

እትዬ_ኩቬት፦
ጎሽ! አሁን የኦሊጎውን ክምችት አሥር እጥፍ ጨምረህ አንዴ ለካ። ኩቬቱን (ናሙናው የሚገባበትን ዕቃ) ግን ቀጭን አድርገው። መፍቻው ዲግሪ ካልተንቀሳቀሰ አንዱ ኦሊጎ ብቻውን ነው የታጠፈው። ከተንቀሳቀሰ ሁለት ሦስት ሆነው ተያይዘዋል፤ ያኔ እንነጋገራለን።

ብሩክ_22፦
እሺ እትዬ፣ ነገ አስገባዋለሁ። ውጤቱን ለአድቫይዘሬ አሳየሁት። «ድገመው አላልኩህም?» አለኝ።