በክፍያ የሚሠሩ ሰርጎ ገቦችና የመንግሥታት የሳይበር ጥቃት፦ የአንድ ቡና ላኪን ኢሜይል ማን ይፈልገዋል?

ሒርማታ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ጅማ ውስጥ ቡና አዘጋጅቶ ወደ ውጭ በሚልክ አነስተኛ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ነው። ባለፈው ዓመት ከላክነው የታጠበ ቡና አንዱ ጭነት «ከናሙናው ያነሰ ጥራት አለው» በሚል ከውጭ ገዥያችን ጋር ተካርረን፣ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሊያመራ ተቃርቧል። ከዚያ ወዲህ ለሥራ አስኪያጃችን፣ ለእኔና ጉዳዩን ለያዙልን ጠበቃ አጠራጣሪ ኢሜይሎች እየተከታተሉ ይመጡልናል። የመጀመሪያው «የኢሜይል ሳጥንዎ ስለሞላ እንደገና ይግቡ» የሚል ተራ ነገር ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን የጭነቱን የውል ቁጥር በትክክል ጠቅሶ፣ ተሻሻለ የተባለ የቅምሻ ውጤት በሊንክ ከፍተን እንድንመለከት ይጋብዛል። የላኪው አድራሻ ላይ ላዩን ሲያዩት የገዥያችን ነው፤ ፊደል በፊደል ሳነብበው ግን «ኤል» መሆን የነበረባት ፊደል በቁጥር 1 ተተክታለች። ሊንኩን እኔ አልከፈትኩም፤ ሌሎቹም እንዳይከፍቱ ነግሬአለሁ።

በቢሮአችን አንዱ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሥራ የፈቱ ልጆች ናቸው» ብሎ ያልፈዋል። ለመሆኑ ለከፈላቸው ሁሉ የሰው ኢሜይል የሚሰብሩ ድርጅቶች በእርግጥ አሉ? ካሉስ ለመንግሥታት ከሚሠሩት በምን ይለያሉ? እኛስ አሁን ምን ማድረግ ይገባናል? የምታውቁ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ኪቶ ፉርዲሳ

እህታችን፣ አሉ። ከደንበኞቻቸው መካከልም በፍርድ ቤት ወይም በግልግል ክርክር ላይ ያሉ ወገኖች ይገኙበታል፤ የተቃራኒን ጠበቃ ደብዳቤ አስቀድሞ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማንም ግልጽ ነው።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ባወጣው ዘገባ፣ በስድስት አህጉራት በሺዎች የሚቆጠሩ ግለሰቦችንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ተቋማትን ያነጣጠረ አንድ ቡድን ቤልትሮክስ ከተባለ የሕንድ ኩባንያ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። የተደረሰባቸው መንገድ ትምህርት ሰጪ ነው። አጥቂዎቹ የሐሰት መግቢያ ገጾቻቸውን የሚሰውሩት በራሳቸው የሊንክ ማሳጠሪያ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሊንክ የሚሰጠው መለያ በተርታ የሚከተል ነበር። ተመራማሪዎቹ ተርታውን ተከትለው ወደ 28,000 የሚጠጉ ተጨማሪ ሊንኮች አገኙ፤ በሊንኮቹም ውስጥ የተጠቂዎቹ የኢሜይል አድራሻዎች ተጽፈው ነበር። ኢሜይሎቹ የሚላኩባቸው ሰዓታት ከሕንድ የሥራ ሰዓት ጋር ይገጥማሉ፤ ከማሳጠሪያዎቹም አንዱ ሆሊ በተባለው የሕንድ በዓል ተሰይሞ ተገኝቷል።

በዚህ ገበያ ውስጥ ከፋዩና ሰባሪው አብዛኛውን ጊዜ አይተዋወቁም፤ በመካከል የግል መርማሪ ይቆማል። እስራኤላዊው መርማሪ አቪራም አዛሪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ የ80 ወራት እስራት ተፈርዶበታል፤ አምስት ዓመት ገደማ በፈጀው ሥራው ከ4.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተከፈለው ዐቃቤ ሕግ አስረድቷል። ደላላው ታሰረ፤ ማዕዱን የበሉት ደንበኞች ግን በዚያ ችሎት አብረውት አልቆሙም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ይህን ስል ግን «ገዥያችሁ አዝዟል» እያልኩ አይደለም። የውል ቁጥሩ መታወቁ የሚያሳየው ከእናንተ፣ ከጠበቃው ወይም ከገዥው የአንዳችሁ ኢሜይል አስቀድሞ የተነበበ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው። የባንክ ሒሳብ ቁጥር በመለወጥ ክፍያ ወደ ራሳቸው የሚያዞሩ ተራ አጭበርባሪዎችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ስለዚህ የክፍያ ለውጥ የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ፣ በመልእክቱ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን በውሉ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

አዌቱ

ወንድማችን ኪቶ ፉርዲሳ ያሉትን እደግፋለሁ፤ ሆኖም «የመንግሥት» እና «የቅጥር» የሚባሉትን ሁለት የተለያዩ ጎራዎች አድርገን ባናያቸው እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 አይ-ሱን የተባለ የቻይና ኩባንያ የውስጥ ሰነዶች ይፋ ወጥተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሠራተኞቹ ላይ በመሠረተው ክስ እንደተገለጸው፣ ኩባንያው ለተሰበረ ለእያንዳንዱ የኢሜይል ሳጥን የቻይና መንግሥት የደኅንነት መሥሪያ ቤቶችን ከ10,000 እስከ 75,000 ዶላር ያስከፍል ነበር። አንዳንዴ ታዝዞ ይሠራል፤ አንዳንዴ ደግሞ በራሱ ተነሳሽነት ሰብሮ ሲያበቃ ገዥ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ድርጅት ነጋዴ ነው ወይስ የመንግሥት ክንድ? መልሱ ሁለቱንም ነው።

ይህ ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የእኛው አገር ጋዜጠኞችና የፖለቲካ ሰዎች ዓመታትን የፈጀ ዋጋ ከፍለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲቲዝን ላብ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር መነጣጠራቸውን አጋለጠ። በተከታዩ ዓመት ኩባንያው ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ያህል መረጃው ሲዘረገፍ፣ ከኢንሳ (ከኢትዮጵያ የመረጃ መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች አብረው ወጡ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ (ኦኤምኤን) ኃላፊ በነበሩት በጃዋር መሐመድና በሌሎች ላይ መሞከሩ ተዘገበ። ማጥመጃው ቪዲዮ ለማየት የፍላሽ ማጫወቻን እንዲያድሱ የሚጠይቅ ገጽ ነበር። ረቂቅ ጥበብ አልነበረበትም። የሰውን ጉጉት ብቻ ነው የተጠቀሙበት፤ ለእህታችን የተላከው የቅምሻ ውጤትም የተሠራው በዚሁ ስሌት ነው።

በሌላ በኩል፣ ባንዲራ አንግቦ የሚነሳ ቡድን ሁሉ ደመወዙ ከመንግሥት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ኢንሳ ከግብፅ የተነሱ ናቸው ያላቸውን ሳይበር ሆረስን የመሳሰሉ ቡድኖች ጥቃት ማክሸፉን ሲገልጽ፣ ዓላማቸው በሕዳሴው ግድብ ሙሌት ላይ ጫና ማሳደር መሆኑን አስታውቆ ነበር። በአገር ፍቅር የተነሳሳውን ወጣት፣ የተቀጠረውንና የሠራዊት ባልደረባውን ከውጭ ሆኖ መለየት እጅግ ከባድ ነው። ደግሞም ብልሽት ሁሉ ጥቃት አይደለም፤ በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን ችግር ብዙዎቻችን የሳይበር ጥቃት ነው ስንል፣ ባንኩ መንስኤው የራሱ የሲስተም ማሻሻያ መሆኑን ገልጿል።

የጅሬን ልጅ

በተግባር በኩል ያለውን ልጨምር። ዛሬውኑ የኢሜይላችሁን ቅንብር ከፍታችሁ «ማስተላለፍ» እና «ማጣሪያ» የሚሉትን ክፍሎች ተመልከቱ። የገባ ሰው የይለፍ ቃል ቢቀየርበት እንኳ ደብዳቤዎቻችሁ እንዲደርሱት እዚያ የራሱን አድራሻ ያስቀምጣል፤ ይህን ብዙ ባለሙያም ይዘነጋዋል። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ በሌላ መሣሪያ የተከፈቱትንም ሁሉ ዝጉ። በስልክ መልእክት የሚመጣው ማረጋገጫ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ሐሰተኛው ገጽ ያንኑ ቁጥር ጠይቆ ሊወስደው ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካው የደኅንነት ቁልፍ ግን የድረ ገጹን አድራሻ ራሱ ስለሚያረጋግጥ፣ ሰው ቢታለል እርሱ ለሐሰተኛው ገጽ አይመልስም። ሥራ አስኪያጁና ጠበቃው ቢያንስ ይህ ሊኖራቸው ይገባል።

ሁለተኛው፣ የሰነዶቻችሁን ቅጂ ከኔትወርክ ተነጥሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ያዙ። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት በዩክሬን የግብር ሶፍትዌር በኩል ተሰራጭቶ ሜርስክ የተባለውን የመርከብ ድርጅት ሲያሽመደምድ፣ የመላውን ኔትወርክ ተጠቃሚዎች መዝገብ የያዙት ሰርቨሮቹ በሙሉ ጠፉ፤ በመብራት መቋረጥ ምክንያት ከኔትወርክ ውጭ የነበረው የጋና ቢሮ ሰርቨር ብቻ ተረፈ። የማገገሚያው ሥራ የሚካሄደው እንግሊዝ ውስጥ ነበር፤ የጋናው ሠራተኛ ግን የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበረው ዲስኩን ናይጄሪያ ድረስ ወስዶ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ ግዙፉም ድርጅት በዚያ ቅጂ አገገመ። አሜሪካና እንግሊዝ ለጥቃቱ የሩሲያን ሠራዊት ተጠያቂ አድርገዋል፤ ሜርስክ ግን የሩሲያና የዩክሬን ግጭት ወገን አልነበረም።

ሒርማታ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። «ማስተላለፍ» የሚለውን ስከፍት የእኔ ባዶ ነው፤ በሥራ አስኪያጃችን ሳጥን ላይ ግን ማናችንም የማናውቀው አድራሻ ተቀምጦ አገኘን። አጥፍተነዋል። ከጠበቃችን ጋር እንድንነጋገር ያንን አድራሻና ኢሜይሎቹን ማቆየት ያስፈልጋል?

ኪቶ ፉርዲሳ

እጅግ ያስፈልጋል። ከማጥፋታችሁ በፊት ፎቶ ካነሳችሁት መልካም ነው፤ ካላነሳችሁም አድራሻውን፣ ያገኛችሁበትን ቀንና ሰዓት አሁኑኑ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አጠራጣሪዎቹን ኢሜይሎች አታጥፉ፤ ከየት ተነስተው በየት በኩል እንደመጡ የሚያሳየው የጉዞ መረጃቸው የሚገኘው በራሱ በዋናው መልእክት ውስጥ ስለሆነ፣ ሙሉውን ፋይል አውርዳችሁ አስቀምጡ እንጂ በስክሪን ፎቶ ብቻ አትርኩ። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኢሜይል መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለሆነ ለፖሊስ ማመልከትና ለኢንሳ ማሳወቅ ትችላላችሁ። ለጠበቃችሁ ግን ዛሬ በስልክ ንገሯቸው፤ ስለዚህ ጉዳይ በዚያው ሳጥን በኩል አትጻፉላቸው። ገዥያችሁም በራሳቸው በኩል እንዲፈትሹ ጠበቃችሁ በደብዳቤ ቢጠይቋቸው መልካም ነው፤ የተሰበረው የእነርሱም ሳጥን ሊሆን ይችላልና።