ለፍቺና ለልጅ ጉዳይ አዲስ አበባ ውስጥ ማን ጋ ልሂድ ላላችሁኝ

ሰሞኑን ሦስት ሰው «ጥሩ የፍቺ ጠበቃ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ስትመላለስ አብሬያት ስለነበርኩ ነው። ከቀጠሮ ቀጠሮ፣ ችሎት ደጃፍ ተራ ስንጠብቅ፣ ከብዙ ሰው ጋር አውርተናል። ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

የጠበቃ ስም አልሰጣችሁም። ከስሙ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ የማትስማሙት በምኑ ላይ ነው? ፍቺው ራሱ እንደምትፈሩት አይደለም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) አንዱ በቃኝ ካለ በግድ አብራችሁ ኑሩ አይልም። ፍርድ ቤቱ ሊያስታርቃችሁ ይሞክራል፣ ሽማግሌ ምረጡ ሊላችሁ ይችላል፣ እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል፤ ካልሆነ ጋብቻው ይፈርሳል። ዓመት የሚፈጀው ቤቱ፣ መኪናውና ልጆቹ ናቸው። ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ተስማምታችሁ የምትለያዩ ከሆነ ትልቅ ጠበቃ አያስፈልጋችሁም። ጎረቤታችን ከባለቤቷ ጋር ቁጭ ብለው ሁሉንም ተነጋገሩ። ልጁ ከእሷ ጋር ይሆናል፣ ቅዳሜና እሁድ ከአባቱ ጋር፣ በየወሩ ይህን ያህል ቀለብ፣ የቤት ዕቃው እንዲህ ይከፈላል ብለው በወረቀት አሰፈሩ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያለ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻውን አዘጋጀላቸው፣ ስምምነታቸውን አያይዘው አቀረቡ፣ በአጭር ጊዜ አለቀ። ዳኛው ግን ስምምነቱን ዝም ብሎ አያጸድቅም። ልጁን ወይም አንዳችሁን የሚጎዳ ነገር ካለበት ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ሌላውን ሊያስተካክለው ይችላል።

ክርክር ካለ ግን ራፖር ጸሐፊ ጋ አትሂዱ፣ እባካችሁ። ብዙዎቹ ከልባቸው የሚሠሩ ናቸው፣ ዋጋቸውም ቀላል ነው። ነገር ግን ጽፈው ይሰጧችኋል እንጂ ችሎት ላይ አብረዋችሁ አይቆሙም። ንብረት በደንብ ሳይዘረዘር የቀረበ ክስ በኋላ ላስተካክል ቢባል ብዙ ያለፋል።

ጠበቃ ስትይዙ ከእኛ ስህተት ተማሩ። እህቴ መጀመሪያ የያዘችው ጠበቃ በዘመድ የተጠቆመ ነው። ግማሹን ክፍያ አስቀድሞ ወሰደ፤ ከዚያ ሁለት ቀጠሮ ላይ ሳይመጣ ቀረ፣ መዝገቡም ተዘጋ። ስልኩን አያነሳም። ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ብቻዋን ችሎት ፊት የቆመችበትን ቀን እስካሁን አልረሳውም። መዝገቡን ለማስከፈት እንደገና ወጪ፣ እንደገና ወራት።

ሁለተኛዋ ጠበቃ ትንሽ ቢሮ ያላት ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ስለ ገንዘብ አላወራችም፤ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። መቼ ተጋባችሁ? ቤቱ መቼ ተገዛ? ኮንዶሚኒየሙ በማን ስም ወጣ? ብድሩን ማን ይከፍላል? እህቴ «ካርታው በእሱ ስም ነው፣ የለሁበትም» ስትላት «ማን ነው የለሽበትም ያለሽ?» አለቻት። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚወሰደው። ይህን ሳያውቁ ቤታቸውን ትተው የወጡ ስንት ሴቶች አሉ!

እሷ ያደረገችው ሌላ ትልቅ ነገር እግድ ነው። ክርክሩ ሳያልቅ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ መኪናው እንዳይተላለፍ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍርድ ቤት እግድ አስወጣች። የልጆቹን ቀለብም ውሳኔው እስኪመጣ በጊዜያዊነት አስወሰነች። የመጀመሪያው ጠበቃ ይህን አንድም ቀን አላነሳውም ነበር። ስለዚህ ጠበቃ ስታናግሩ «እግድ መቼ ትጠይቅልኛለህ?» በሉት፣ ከመልሱ ብዙ ነገር ትረዳላችሁ።

ዋጋ ላይ አንድ ወጥ ታሪፍ የለም፣ በስምምነት ነው። አንዳንዱ ቁርጥ ዋጋ ይላል፣ አንዳንዱ ከንብረቱ በመቶኛ ይጠይቃል። እኔ ቁርጡን እመርጣለሁ። ቤት የሚያካፍላችሁ ሰው ከቤቱ ላይ ድርሻ ሲይዝ ደስ አይለኝም፣ በተለይ እናትየዋ ልጆቿን ይዛ ልትኖርበት ከሆነ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ይግባኝ ይጨምራል ወይ? አፈጻጸምስ? ፍርድ አግኝቶ ማስፈጸም ራሱ ሌላ ጉዞ ነው፣ ብዙ ሰው ሁለተኛ የሚከፍለው እዚያ ላይ ነው። የጠበቃ ፈቃዱንም፣ መታደሱንም ጠይቁ፤ ማሳየት የሚያሳፍር ነገር የለውም። ፍርድ ቤት በር ላይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ ከመጣባችሁ ዘወር በሉ።

ገንዘብ ከሌላችሁስ? ለሴቶች መጀመሪያ የምጠቁመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ከታገሉት ግንባር ቀደሙ ነው። በነፃ ያማክራሉ፣ አቤቱታ ይጽፋሉ፣ በአንዳንድ ጉዳይ ችሎት ላይም ይቆማሉ። ሰው ይበዛባቸዋልና በጠዋት ሂዱ፣ ታገሱ። ድብደባ ካለበትና የምታድሩበት ካጣችሁ ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው። እዚያ ላይ ፍቺውን አታስቀድሙ፣ ነፍሳችሁን አስቀድሙ፣ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሂዱ።

ለወንዶችም ለሴቶችም የሚሆነው የዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፣ ክፍለ ሀገር ላላችሁ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ሐረማያ አሉ። ለምክርና ለአቤቱታ ጽሑፍ በጣም ጥሩ ናቸው፣ ረጅም የንብረት ክርክር ላይ ግን እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ ብላችሁ አትተማመኑ። ክልል ያላችሁ የራሳችሁ የቤተሰብ ሕግ ሊኖር እንደሚችልም አትርሱ፤ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይ የየራሳቸው አላቸው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ደግሞ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ክፍያውን ሳይከፍል፣ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ስለ ሽማግሌ ትንሽ ልበል። እኔ ሽማግሌ እወዳለሁ። እህቴና ባለቤቷ ልጆቹን በሚመለከት የተስማሙት በዳኛ ፊት አይደለም፣ የንስሐ አባታቸውና ሁለት አጎቶቻችን ባሉበት ሳሎናችን ውስጥ ነው። ነገር ግን ፍቺን መወሰን የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ፊት «ተለያይተናል» ብላችሁ ፈርማችሁ ብትሄዱ በሕግ አሁንም ባልና ሚስት ናችሁ። ሙስሊም ለሆናችሁ ሁለታችሁም ፈቃደኛ ከሆናችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ አንዳችሁ ካልፈቀዳችሁ ግን መደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ሳትጋቡ እንደ ባልና ሚስት ለምትኖሩ፦ መብት የለንም አትበሉ። ቢያንስ ሦስት ዓመት አብራችሁ ከኖራችሁ በዚያ ጊዜ ያፈራችሁት የጋራ ይሆናል። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል፣ የኪራይ ውል፣ የዕድር መዝገብ፣ ጎረቤት ምስክር።

ጠበቃም ሆነ ማኅበር ጋ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ ወይም ውል፣ ሊብሬ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ። ኮፒውን አሁኑኑ፣ ቤት ውስጥ እያላችሁ አንሡ፣ እህት ወይም ጓደኛ ጋ አስቀምጡ። የእህቴ ግማሹ ወረቀት ባሏ የቆለፈበት መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ሪያድና ቤሩት ላላችሁ እህቶቼ ደግሞ፦ ለፍቺ ብላችሁ ሥራ ትታችሁ መምጣት ግድ አይደለም። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ ውክልና ስጡ፣ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ያረጋግጡታል። ውክልናውን ስታጽፉ ግን ቤት መሸጥና መለወጥ የሚል ሥልጣን አብሮ እንዳይገባ መስመር በመስመር አንብቡት፤ ለክርክር የሚያስፈልጋችሁ ፍርድ ቤት ቀርቦ መከራከርና ጠበቃ መወከል ነው።