ሦስት ልጆች ሰጥቼ አሮን ጀጅን ልውሰድ? (የፋንታሲ ቤዝቦል ጥያቄ)

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ጎትተው ፋንታሲ ቤዝቦል ውስጥ ከተቱኝ፤ እውነተኛ ተጫዋቾችን በስም ትይዛለህ፣ እነሱ በጨዋታ ያስመዘገቡት ላንተ ይቆጠርልሃል። እኛ እንደለመድነው የፕሪሚየር ሊጉ ዓይነት አይደለም። ዳይናስቲ ይሉታል። የያዝከው ተጫዋች እስክትለውጠው ወይም እስክትጥለው ድረስ በየዓመቱ ያንተው ነው። ገና ማይነር ሊግ (ከዋናው ሊግ በታች ያሉት ሊጎች) ያሉ ልጆችንም መያዝ ይቻላል።

10 ሰዎች ነን፤ እኔ ሦስተኛ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ዘጠነኛ ላይ ያለው ሰውዬ «አሮን ጀጅን ልስጥህ» ብሎ ላከልኝ፤ የኒው ዮርክ ያንኪሱን ኮከብ መቺ! ቡናዬን ልደፋው ነበር። በምትኩ ሦስት ልጆች ይፈልጋል። አንዱ ሮቸስተር ያለ አውትፊልደር (የኋላ ሜዳ ተጫዋች) ነው፤ ሮቸስተር የዋሽንግተን ናሽናልስ ትሪፕል ኤ ቡድን ነው፣ ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ በታች። ሁለተኛው ደብል ኤ (ከትሪፕል ኤ አንድ ደረጃ በታች) ያለ ኳስ ወርዋሪ፣ ሦስተኛው ገና 18 ዓመቱ የሆነ የዶሚኒካን ልጅ፣ ሾርትስቶፕ (የፊት ሜዳ ተጫዋች)። ስማቸውን አልጽፍም። ሊጋችን ውስጥ ሌላ ሐበሻ አለ፣ ያነበኛል ብዬ እፈራለሁ።

ቀነ ገደቡ ዓርብ ማታ ነው። ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ?

ባለ ሰማያዊ ኮፍያ፦
ይህም ይጠየቃል እንዴ? ዛሬውኑ ስጠው! እ.ኤ.አ. በ2022 62 ሆም ረን (ኳሷን ከአጥር ውጭ መምታት) መትቶ የአሜሪካን ሊግን (ዋናው ሊግ ከተከፈለባቸው ሁለቱ አንዱ ነው) ሪከርድ የሰበረ ሰው እኮ ነው። በ2022፣ በ2024 እና በ2025 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ያንተዎቹ ልጆች ምን መትተው ያውቃሉ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። (የያንኪስ ደጋፊ ነኝ፤ ማዳላቴ አይቀርም።)

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ላሟማ ሰማይ ላይ አይደለችም፣ ሮቸስተር ናት ያለችው።

ወንድሜ፣ ከመመለሴ በፊት ሦስት ነገር ንገረኝ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ፕሌይኦፍ (የመጨረሻው የዋንጫ ዙር) የምትገቡት? በሆም ረን ስንተኛ ነህ? ቡድንህ ውስጥስ ስንት ቦታ አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
አራቱ ይገባሉ። በሆም ረን ከአስሩ ስምንተኛ ነኝ፤ እስካሁን የተሸከሙኝ ወርዋሪዎቼ ናቸው። ቦታው 28 ነው። 23 ለዋናው ሊግ፣ 5 ለማይነር። ሁሉም ሙሉ ነው።

እግር ኳስ ብቻ፦
ሦስት ሰዓት ቆመው ሱፍ የሚያላምጡበት ጨዋታ አይደል? ለዚህ ነው ቡና የሚደፋው?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
እሱን ተወው። እንግዲህ ስማኝ። ሦስተኛ ነህ፣ የጎደለህ ደግሞ ሆም ረን ነው። ስለዚህ ዘንድሮ መግዛት ያለብህ ሰው አንተ ነህ። ዘጠነኛው ሰውዬም የሚሸጥልህ ዘንድሮ ስላበቃለት ነው። እስከዚህ ድረስ ከባለ ኮፍያው ጋር እስማማለሁ።

ዋጋው ላይ ግን አልስማማም። ጀጅ የተወለደው ኤፕሪል 1992 ነው። ሁለት ሜትር የሚሆን ግዙፍ ሰው ነው፤ በ2025 ክረምት ደግሞ ክርኑን ታሞ ነበር። አንተ የምትገዛው የቀሩትን ጥቂት ጥሩ ዓመታት እንጂ አሥር ዓመት አይደለም። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ዋጋ አትክፈልበት።

ደግሞ ሦስቱ ልጆች እኩል አይደሉም። መጀመሪያ የሚሰጠው ወርዋሪው ነው። ባለፈው ዓመት ቦዊ ሄጄ የደብል ኤ ጨዋታ ሳይ አንድ ልጅ እንደ ጥይት ይወረውር ነበር። ሦስተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው የሚከፈልበት ዙር) ላይ እጁን ሁለቴ አራገፈ። አሠልጣኙ ወጣ፣ ጓንቱን ተቀበለው፣ አለቀ። የወርዋሪዎች የክርን ጅማት ከተበጠሰ ቶሚ ጆን የሚሉት ቀዶ ጥገና አለ፤ ከዓመት በላይ ያስቀምጣል። የ18 ዓመቱም ልጅ እስኪደርስ ያንተ ልጅ ኮሌጅ ይገባል። እሱንም ስጥ። የሮቸስተሩን ግን አትንካው! አንድ ስልክ ተደውሎ ነገ ዋሽንግተን ሊገባ ይችላል።

የድሮ ናትስ፦
እህታችን ልክ ነሽ። እኔ የማልረሳው የናሽናልሱን ኮከብ የሁዋን ሶቶን ነው። ኦገስት 1 ቀን 2022 ማታ እዚሁ ዲሲ፣ በ2019 አብሮት ዋንጫ በበላው በማክስ ሸርዘር ላይ ሆም ረን መታ። በማግስቱ ሸጡት። 23 ዓመቱ ነበር! የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ውል እምቢ ብሎ ነው። ሶቶና ጆሽ ቤል ወደ ሳን ዲዬጎ ሄዱ። በምትኩ አምስት ወጣቶች መጡ፣ አንድ የደረሰ መቺ ተጨምሮ። ሲ ጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሰል እና ያርሊን ሱሳና። ያኔ ጃኬቴን ላቃጥለው ምንም አልቀረኝ።

ታዲያ ማን አተረፈ? ሳን ዲዬጎ ያንኑ ዓመት ለናሽናል ሊግ ዋንጫ ደርሶ በፊላዴልፊያ ወደቀ፤ በ2023 መጨረሻ ሶቶን ለያንኪስ ሰጠው። ከኛዎቹ አምስቱ ሦስቱ፣ ኤብራምስ፣ ዉድና ጎር፣ ኦል ስታር ሆኑ (ለምርጦች ጨዋታ ተመረጡ)። ዉድ እንደውም የሜሪላንድ ልጅ ነው። ግን ናትስ (ናሽናልስ) በ2025 96 ጨዋታ ተሸንፏል። ልጆቹ ጥሩ ሆነውም ማሸነፉ አልመጣም። አንተም ሦስተኛ ሆነህ ሳለ ልጆች ታቅፈህ አትቀመጥ።

ዲትሮይት ነኝ፦
የኛው የዲትሮይት ቡድን ታይገርስ በ2007 መጨረሻ መቺውን ሚጌል ካብሬራን ያመጡት ስድስት ተጫዋቾች ሰጥተው ነው። ያኔ የተወራው ከተሰጡት መካከል ስለ ካሜሮን ሜይቢንና አንድሩ ሚለር ነበር። ካብሬራ በ2012 ትሪፕል ክራውን (በሦስቱ ዋና የመቺ ቁጥሮች ሊጉን መምራት) ወሰደ፤ ከ1967 ወዲህ ማንም አላገኘውም ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ቦስተን በ1990 ላሪ አንደርሰን የሚባል ወርዋሪ ፈልጎ ጄፍ ባግዌልን ለሂዩስተን ሰጠ። አንደርሰን 22 ኢኒንግ ወርውሮላቸው ሄደ። ባግዌል 449 ሆም ረን መትቶ ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች የክብር መዝገብ) ገባ። የሚገርመው በዚያ ዓመት ማይነር ሊግ ላይ የመታው 4 ሆም ረን ብቻ ነበር። ስለዚህ «ገና ምንም አልመታም» የምትለዋን ነገር ተጠንቀቃት፣ ባለ ኮፍያ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ወርዋሪውንና የ18 ዓመቱን ብቻ ብዬ ላክሁለት። በሁለት ደቂቃ «አይሆንም» አለኝ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
በሁለት ደቂቃ የመለሰ ሰው ስልኩን ይዞ እየጠበቀህ ነው። እስከ ሐሙስ ዝም በለው። ከዚያ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫህን (አዳዲስ ተጫዋቾች ሲከፋፈሉ የሚደርስህን ተራ) ጨምርለት፤ ዋንጫ ከበላህ ከዙሩ የመጨረሻዋ ተራ ናት፣ ብዙም አታዋጣም። አንድ ነገር ግን አትርሳ። ልጆቹ የያዙት የማይነር ቦታ ነው። ጀጅ ከ23ቱ አንዱን ይፈልጋል። ማንን ልትጥል ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሐሙስ ማታ ነው። ተስማማ! ልክ እንዳልሽው፣ ሁለቱ ልጆችና ምርጫዬ። የሮቸስተሩ ቀረልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ቦታ ለመክፈት ያንን የታመመውን የሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች አሁን ጣልኩት። ለመመለስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፣ ግን ማን ያየዋል ብዬ።

አዲስ አባል፦
ሰላም። ሊጋችሁ ውስጥ ያለሁት ሌላው ሐበሻ ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሳነብ ነበር። ሁለተኛ ቤዙን ወስጄዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።