ፊቷ ጠይም፣ አንገቷ ቀይ ዳማ! እባካችሁ ድረሱልኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በኮምፒውተር የምሠራት ልጅ አንገት ላይ ተቀርቅሬ ቀርቻለሁ።

በብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር) አሞራ ገደል፣ እዚህ ሐዋሳ ያለው ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ የምትሸጥ ልጅ እየሠራሁ ነው። ጭንቅላቷንና አካሏን ለየብቻ ስለሠራሁ ሁለት የተለያዩ ኦብጀክቶች ናቸው። ቴክስቸሩን (ላይዋ ላይ የሚለበጠውን የቆዳ ምስል) ብቻ ሳየው ቀለሙ አንድ ነው። በሳይክልስ (ብርሃኑን አስልቶ የመጨረሻውን ምስል በሚያወጣው የብሌንደር ክፍል) ሬንደር ሳደርጋት ግን ፊቷ ጠይም፣ ከአገጯ በታች ቀይ ዳማ፤ መሃሉ ላይ ክር የታሰረባት የሚመስል መስመር። እናቴ አየችና «ምነው፣ የሰው ጭንቅላት ገጠምክባት?» አለችኝ።

መብራት ቀያየርኩ፣ ለውጥ የለም። የአካሏ ራፍነስ ማፕ (የቆዳውን ልስላሴና ሻካራነት የሚወስነው ምስል) በስህተት ኤስአርጂቢ ላይ፣ ማለትም እንደ ቀለም እንዲነበብ ተደርጎ ነበር፤ ወደ ነን ከለር (እንደ ተራ ቁጥር ወደሚነበብበት) ስመልሰው የቆዳዋ ወዝ ተስተካከለ፣ ቀለሙ ግን ያው። ሰብሰርፌሱን (ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንዲሰራጭ የሚያደርገውን) በሁለቱም ማቴሪያል ዜሮ ሳደርገው ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ያኔ ደግሞ ልጅቷ የሸክላ አሻንጉሊት ትመስላለች። ራዲየሱ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ቆዳው ውስጥ የሚሰራጭበት ርቀት) በሁለቱም 1፣ 0.2፣ 0.1 ነው፤ ስኬሉም እኩል ነው።

ጥርጣሬዬ፦ በቆዳ ውስጥ የሚሰራጨው ብርሃን ከአንዱ ኦብጀክት ወደ ሌላው ስለማይሻገር ይሆን? እንዲያ ከሆነ ሁለቱን አዋህጄ የአንገቷን ነጥቦች በመርጅ ባይ ዲስታንስ (የተቀራረቡ ነጥቦችን አንድ በሚያደርገው ትእዛዝ) ላጣብቅ? ፊቷ ላይ 30 ሼፕ ኪ (እንደ ፈገግታ ያሉ የተቀመጡ የፊት ቅርጾች) አለኝ፣ እንዳይበላሹብኝ ፈራሁ። ወይስ ዳታ ትራንስፈር ሞዲፋየር (ከአንዱ ኦብጀክት ወደ ሌላው መረጃ የሚቀዳው መሣሪያ) የአንገቱን ኖርማል (ገጽታው ወዴት እንደሚዞር የሚነግረውን አቅጣጫ) አመሳስሎ ይገላግለኛል? ይህን የሞከረ ካለ ቅደም ተከተሉን ይንገረኝ። መብራት ሳይሄድ ዛሬ ማታ ልሞክረው።