አስቸኳይ፦ የማግ ህትመቴ በዳር በኩል እየነተበ ነው፣ ርክክቡ ነገ ጠዋት

ጀማሪ አታሚ
ወገን ድረሱልኝ። 60 ማግ ላይ የድርጅት ሎጎና ስልክ ቁጥር አትሜ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። የሚወጣው ግን መሃሉ ደማቅ፣ ወደ እጀታው ሲጠጋ የነተበ ነው። ቀለም የሞላሁት በቅርቡ ስለሆነ ቀለሙ የተበላሸ ይመስለኛል። ጥሩ የሰብሊሜሽን ቀለም (ወረቀት ላይ ታትሞ በሙቀት ወደ ማጉ የሚተላለፈውን) የምታውቁ ቶሎ ንገሩኝ።

ቀለም በቀለም
ሙቀቱን ጨምር። 200 አድርገው።

ነባሩ አታሚ
ወንድሜ፣ የዚህ ሥራ ጣጣ የሚጀምረው ትእዛዝ ስትቀበል ነው። ግማሽ ቅድመ ክፍያ ሳትይዝ እቃ አትግዛ። አንድ ናሙና አትመህ ደንበኛው በጽሑፍ ያጽድቀው፤ የማስረከቢያው ቀን የሚቆጠረውም ናሙናው ከጸደቀበት ቀን ነው። ለብልሽት ከ100 እቃ 5 ያህል ትርፍ ያዝ፣ ለ60 ማግ 63 ማለት ነው። ሎጎውንም ከስልክ ስክሪን ተቀድቶ ሲመጣ አትቀበል፣ ሲያሳድጉት የማይደበዝዘውን የቬክተር ፋይሉን ጠይቅ።

ጀማሪ አታሚ
ጋሼ፣ ለሚቀጥለው እይዘዋለሁ። አሁን ግን ማሽኑ በርቶ ቆሜያለሁ።

ፕሬስ ጥገና
ቀለም ለመግዛት አትሩጥ። ቀለሙ ቢበላሽ ኖሮ መሃሉም አያምርም ነበር። አንዱ ቦታ ደምቆ ሌላው ከነተበ ሙቀቱ ወይም ጫናው እኩል አልደረሰም። ማጉን የሚያቅፈው ማሞቂያ እጀታው ጋ ክፍት ስለሆነ ዳርና ዳሩ ከመሃሉ ያነሰ ይሞቃል። እስቲ ንገረን፦ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ሰከንድ? ዲዛይኑ ስንት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል? ወረቀቱስ በደንብ ተወጥሯል?

ቀለም በቀለም
200 ላይ ሞክረው አልኩህ እኮ።

ፕሬስ ጥገና
200 ላይ ብዙ ከቆየ መሃሉ ይደበላለቃል፣ ጥቁሩም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ዳሩ ግን እንደነተበ ይቀራል።

ፈገግታ
የነተበው ስልክ ቁጥሩ ከሆነ ደውሎ የሚቆጣህ አይኖርም! ለማንኛውም ቁጥሩን ከእጀታው አርቀህ ከሎጎው ሥር አስገባው፣ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል።

ጀማሪ አታሚ
180 ዲግሪ፣ 120 ሰከንድ። ዲዛይኑ 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ወረቀቱን ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው ቴፕ ያደረግኩት።

ፕሬስ ጥገና
በቃ፣ ሦስቱም ተደራርበውብሃል። ዲዛይኑን ወደ 19 ሴንቲ ሜትር አጥብበው። ወረቀቱን ወጥረህ ሁለቱንም ጫፍ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ሙቀት በሚችል ቴፕ ያዝ፤ በጣት ስትነካው ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። የፕሬሱን (የማሞቂያ ማሽኑን) ማስተካከያ ብሎን ትንሽ አጥብቀው፣ መያዣው ሲዘጋ እጅህን ገፋ ማድረግ አለበት። ዲግሪውን እዚያው 180 ላይ ተወውና ሰዓቱን 180 ሰከንድ አድርግ፤ ካልበቃው በ15 በ15 ሰከንድ ጨምር።

ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቀዝቃዛ ማግ ሲገባ ዲግሪው ይወርዳል። የማሽንህ ሰዓት ወዲያው መቁጠር የሚጀምር ከሆነ ያ ሁሉ ሰከንድ ባክኗል ማለት ነው፤ መቁጠር ያለበት ተመልሶ 180 ሲደርስ ነው። ሲያልቅ ወረቀቱን በትኩሱ በአንድ ጊዜ ላጠው። ከተንሸራተተ ጥላ ይሠራል። ቶሎ ይብረድ ብለህ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዳትነክረው፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በመጀመሪያ አንድ ብቻ አትም። እሱ ሳይስተካከል 60ውን አትጀምር።

ቀለም በቀለም
ማጉስ ቀለሙን የሚይዝለት የሰብሊሜሽን ሽፋን አለው? ተራ ማግ ከሆነ የትኛውም ዲግሪ አይሠራም።

ወንፊት
ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዱን የታተመ ማግ በእርጥብ ሻካራ ስፖንጅ በኃይል ፈትገው። ሥዕሉ ከተነሣ ሽፋን የለውም፣ መፍትሔው ማጉን መቀየር ነው። የነተቡትን ደግሞ በአዲስ ወረቀት ደግመህ ልጫን አትበል፤ ልክ በቦታው ስለማይገጥም ሎጎው ሁለት ሆኖ ይታያል።

አዲስ ገቢ
በዚሁ አጋጣሚ፣ ጥቁር የጥጥ ቲሸርት ላይ በዚሁ ቀለም ማተም ይቻላል?

ወንፊት
አይቻልም። ይህ ቀለም ከጨርቅ የሚይዘው ፖሊስተር ላይ ነው። ቀለሙም አሳላፊ ስለሆነ ጥቁር ጨርቅ ላይ አይታይም። ለጥቂት ቲሸርት ዲቲኤፍ (ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት ጨርቁ ላይ የሚለጠፈውን)፣ በብዛት ከሆነና ሎጎው አንድ ሁለት ቀለም ብቻ ከሆነ ስክሪን ህትመት (ቀለሙ በወንፊት ጨርቅ በኩል የሚገፋበትን) ተጠቀም።

ነባሩ አታሚ
ጀማሪ፣ የመጀመሪያው ማግ እንዴት ወጣ?