ለ225 ጎማ 9 ኢንች ቸርኬ ይበዛበታል እንዴ? (ቶዮታ 86)

ጥያቄ፣ ቀዩ86፦

ሰላም ወገን፣ ግራ ገብቶኛልና እስቲ አግዙኝ። መኪናዬ ቶዮታ 86 ነው የመጀመሪያው ሞዴል፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቸርኬ 17 በ 7 (ዲያሜትሩ 17 ስፋቱ 7 ኢንች) ኦፍሴት 48 (ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሀል 48 ሚሊ ወደ ውጭ ይርቃል ማለት ነው)፣ ጎማው 215/45 አር 17 (ስፋቱ 215 ሚሊ፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 ፐርሰንት)። አሁን ጎማው ስላለቀ አንድ ፊቱን ቸርኬውንም ልቀይር ብዬ ሳፈላልግ ያገለገለ 17 በ 9 ኦፍሴት 35 አገኘሁ፣ ቆንጆ ነው፣ የሚሸጠው ልጅ «225/45 ግጠምበት ምንም አይልህም» ይላል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ከ8 በላይ እንዳታስብ እያለ ነው። በብዛት በየቀኑ የምነዳው መኪና ነው፣ አልፎ አልፎ ትራክ (የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ) እወስደዋለሁ፣ ለመልኩ ብቻ ብዬ አይደለም (ትንሽ ለመልኩም ነው ሃሃ)። ፓራፋንጎ ማስቆረጥ ምናምን ውስጥ መግባት አልፈልግም። 8፣ 8.5 ወይስ 9? ጎማውስ ስንት ይሁን?

መልስ፣ ዳዶፈቺ፦

ወንድሜ ከጎማው ጀምር፣ ቸርኬው ይከተላል። ሰው ሁሉ ቸርኬ አይቶ ይወድና ከዚያ የሚገባበት ጎማ ሲፈልግ ይከርማል። እያንዳንዱ የጎማ መጠን ከስንት እስከ ስንት ኢንች ቸርኬ ላይ መግጠም እንደሚችል አምራቹ ጽፎ ያስቀምጣል፦ 215/45 አር 17 ከ7 እስከ 8፣ 225/45 ከ7 እስከ 8.5፣ 245/40 አር 17 ደግሞ ከ8 እስከ 9.5። ስለዚህ ልጁ 225 በ9 ላይ ያለህ ከተፈቀደው ውጭ ነው፣ «ምንም አይልህም» የሚባል ነገር የለም። ጎማው ይለጠጣል፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የቸርኬው ከንፈር ከጎማው አልፎ ስለሚወጣ መጀመሪያ ጠርዝ የሚነካው እሱ ነው፣ ንፋስ ቀነስ ብሎ ጉድጓድ ስትገባ ወይ ትራክ ላይ ስትታጠፍ ደግሞ ጎማው ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል።

ተቃራኒውም አይሻልም፣ ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ስታስገባ ጎኑ ያብጣል፣ መሪ ስትጠመዝዝ ጎማው መጀመሪያ ራሱ ይተጣጠፍና ነው መኪናው የሚከተለው። ከተፈቀደው መሀል ወይ ከመሀል ትንሽ ከፍ ያለውን ያዝ፣ ለስፖርት መኪና እሱ ነው ደስ የሚለው።

አንድ ነገር ልብ በል፣ ጎማው ላይ 245 ተብሎ ቢጻፍም ስፋቱ የተለካው በአንድ የመለኪያ ቸርኬ ላይ ነው፣ ለ245/40 እሱ 8.5 ነው። ቸርኬው ግማሽ ኢንች በጨመረ ቁጥር ጎማው ወደ 5 ሚሊ ይሰፋል፣ ሲቀንስም እንደዚያው ይጠባል።

መልስ፣ ሚሊሜትር፦

ዳዶፈቺ ያለው ልክ ነው ግን 86 ላይ ጭንቅላት የሚያዞረው ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ኦፍሴቱ ነው። እኔ ላስላልህ።

ቸርኬው ከ7 ወደ 9 ሲሄድ 2 ኢንች ማለትም 50.8 ሚሊ ይሰፋል፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ግማሹ ወደ ውጭ፣ 25.4 ፣ 25.4። ኦፍሴቱ ከ48 ወደ 35 ሲወርድ ሙሉው ቸርኬ 13 ሚሊ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ውስጥ ወደ ሾኩ 12.4 ትጠጋለህ፣ ውጭ ግን 38.4 ሚሊ ትወጣለህ። ወደ አራት ሳንቲም ማለት ነው! ፓራፋንጎ አልነካም ካልክ ይሄን ቸርኬ እርሳው፣ ቢያምርም እርሳው።

17 በ 8.5 ኦፍሴት 45 ብታገኝ ግን ውስጥ 16 ውጭ 22 ይሆናል። 17 በ 8 ኦፍሴት 45 ደግሞ ውስጥ 10 ውጭ 16 አካባቢ፣ እሱ ብዙም አያስጨንቅም። ይሄ የቸርኬው ብቻ ነው፣ የጎማው ሆድ ሲጨመር ሌላ ነው። አሁን ካለህ ጎማ እስከ ሾኩ ያለውን ክፍተት ዛሬውኑ ለካው፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ሁለቱም ጎን ጠምዝዘህም እይ፣ ፊት ላይ የፕላስቲክ ሽፋኑን የሚበላው በዚያ ጊዜ ነው።

መልስ፣ ቀላልነገር፦

ኧረ ቆይ እንጂ፣ ሁላችሁም ስለመስፋት ነው የምታወሩት። ይሄ መኪና 200 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፣ ከፋብሪካ ሲመጣ የገጠሙለት ጎማ እኮ ፕሪየስ ላይም የሚገጠም ሚሽላን ፕራይማሲ ነበር፣ ሆን ብለው ነው ያደረጉት፣ መኪናው በትንሽ ፍጥነት ላይም እንዲጫወት። ጎማ ባሰፋህ ቁጥር ክብደት ትጨምራለህ፣ ያውም ከስፕሪንግ በታች ያለ፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዘል ክብደት፣ መሪው ላይ ያለው ስሜት ይደነዝዛል፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ለመንሳፈፍ ይፈጥናል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና 17 በ 8 እና ጥሩ 225/45 በቂ ነው ባይ ነኝ። ጥሩ ላስቲክ ያለው 225 ከተራ 245 በብዙ ይሻላል፣ ገንዘብህን ስፋት ላይ ሳይሆን ጎማው ጥራት ላይ አውጣው።

መልስ፣ ሚሊሜትር፦

@ቀላልነገር በዝናቡም በጥራቱም እስማማለሁ ግን ትራክ እሄዳለሁ ብሏል፣ እዚያ 245 የሚሰጠው ነገር አለ፣ ቶሎ አይግልም። ደግሞ 245/40 ከፍታው ከኦሪጅናሉ ጋር ይቀራረባል፣ 215/45 ዙሪያውን ሳይሆን ዳር እስከ ዳር ቁመቱ 625 ሚሊ ነው፣ 245/40 628 ነው። 225/45 ግን 634 ይደርሳል፣ ወደ 1.4 ፐርሰንት ከፍ ይላል፣ የፍጥነት መለኪያው ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ ያነብልሃል፣ ማርሹም በዚያው ልክ ይረዝማል። ትልቅ ነገር አይደለም ግን እወቀው።

መልስ፣ ዝቅያለ፦

እኔ 9.5 ላይ 225 ለጥጬ ነው የምነዳው እስካሁን ምንም አልሆነም፣ ታበዙታላችሁ።

መልስ፣ ዳዶፈቺ፦

@ዝቅያለ አንተ መኪናህን ለማሳየት ነው የምትነዳው ወንድሜ፣ ትራክ ወስደህ ፍሬን ረግጠህ ስትታጠፍ ነው የሚታየው። እያንዳንዱ በራሱ ኃላፊነት፣ ለጠያቂው ግን አልመክርም።

ጥያቄ፣ ቀዩ86፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ 9 ኢንቹን ተውኩት። አሁን 17 በ 8.5 ኦፍሴት 45 አዲስ እያየሁ ነው፣ ጎማው 245/40 አራቱም አንድ ዓይነት። ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ ፊት ላይ ካምበር ቡሎን (የጎማውን መጋደል የሚያስተካክል) አስገብቼ ጎማውን ከላይ ወደ ውስጥ ትንሽ ባጋድለው ቦታ አይሰጠኝም? ሁለተኛ፣ የቸርኬው መሀል ቀዳዳ 73.1 ነው ይላል፣ የኔ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው መሀል) ደግሞ 56.1 ነው፣ ይሄ ችግር ነው?

መልስ፣ ሚሊሜትር፦

ካምበር ቡሎኑ ላይ ተጠንቀቅ። ሾኩ ከታች ከሞዞው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ስለሚገባ ጎማውን ወደ ሾኩ ነው የሚያጋድለው፣ ውጭ በኩል ቦታ ይሰጥሃል፣ ውስጥ ግን ይወስድብሃል። ውስጥ 16 ሚሊ በልተህ እሱንም ከጨመርክበት ጎማው ሾኩን ሊልስ ይችላል። የሾኩን ጫፍ ከላይ የሚያንቀሳቅሰው የካምበር ፕሌት ከሆነ ሾኩና ጎማው አብረው ስለሚያጋድሉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አይቀየርም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ቡሎኑ ግጠምና ክፍተቱን እይ። በጣም ከጠበበህ 3 ሚሊ ስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መሀል የሚገባ ስስ ብረት) ይበቃል፣ ግን ዳዶው ስንት ዙር እንደያዘ ቁጠር፣ በቂ ጥርስ ካልያዘ ስፔሰሩን ተወው።

መልስ፣ ዳዶፈቺ፦

የመሀል ቀዳዳው ችግር አይደለም፣ 73.1 ወደ 56.1 የሚያደርስ ቀለበት ግዛ። ትራክ ስለምትሄድ የአሉሚኒየም ይሁን፣ የፕላስቲኩ ፍሬን ሲግል ሊቀልጥ ይችላል። ቀለበት ሳታደርግ ከገጠምክ ቸርኬው መሀል ላይ በትክክል ላይቀመጥ ይችላል፣ ባላንስ አሠርተህም መሪው ይንቀጠቀጥብህና ምክንያቱ ይጠፋሃል።

ከመክፈልህ በፊት የቡሎኑ አቀማመጥ 5 በ 100 (አምስት ቡሎን በ100 ሚሊ ክብ ላይ) መሆኑን አረጋግጥ፣ 5 በ 114.3 የሆነው በዝቷል፣ በዓይን ስታየው አንድ ነው የሚመስለው። የዳዶው ጥርስ 12 በ 1.25 ነው (12 ሚሊ ውፍረት፣ በጥርሶቹ መሀል 1.25 ሚሊ)። የኦሪጅናሉን ዳዶ ከመጠቀምህ በፊት አዲሱ ቸርኬ ምን ዓይነት መቀመጫ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ብዙዎቹ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ይፈልጋሉ። ቸርኬው ላይ ጄ ደብሊው ኤል የሚል የጃፓን ማኅተም ካለ ደስ ይላል፣ ምንም ማኅተም የሌለውን ርካሽ ኮፒ ትራክ ላይ አትሞክረው።

ጎማውን ስትገዛ የመሸከም ቁጥሩን እይ፣ ኦሪጅናሉ 87 ነው 545 ኪሎ ማለት ነው፣ ከዚያ የሚያንስ አትውሰድ። 245/40 ብዙውን ጊዜ 91 ስለሆነ ያልፋል። ከገጠምክ በኋላ መቶ ኪሎሜትር ገደማ ነድተህ ዳዶዎቹን መኪናው መጽሐፍ ላይ ባለው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ደግመህ አጥብቅ፣ ጎሚስታው በአየር መፍቻ አጥብቄዋለሁ ቢልህም።